ዓሣው የጠራው ስም

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሐጂ ቡሽራ፣ አሊዩ አምባ።

እንደምን ከርመዋል? ቆላው፣ ገበያው፣ ግመሎችዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ እንደምን ናቸው? እኔ የአምላክ ቸርነት ሳይለየኝ አለሁ። ጣቶቼ ግን ከብርዱ የተነሣ ብርዕ አንይዝም ብለዋል። ፊደሌ ተንጋዶ ቢያዩት፣ አባቱ ለኔ ያስቆጠሩኝን ፊደል ልጁ ረሳው ብለው አይሳቁብኝ። ክረምቱን ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴም ይቅር ይበሉኝ። ታመነ ጨው ጭኖ በመጣ ቁጥር፣ ሐጂ፣ ‹ወልደአረጋይ ሞቷል ወይ?› ይሉሃል እያለ ያሳፍረኛል።

ዛሬም የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። በሰኔ ለእመቤቴ ለወይዘሮ አስካለማርያም በስጦታ የላኩት ያ የባሕር ማዶ ዓሣ ታሟል። ዓሣ ቢታመም ምን ያስጽፋል ይሉኝ ይሆናል። እመቤቴ አንድ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየነው በዚያ ዓሣ ብቻ ነው። መስተዋታቸውን ከጠርሙሱ ፊት ሲያቆሙለት፣ ክንፉን ዘርግቶ ጉንጩን ነፍቶ ከገዛ መልኩ ጋር ሊዋጋ ይነሣ ነበር። እሳቸውም ዘመቻ ያሉትን ባለቤታቸውን እያሰቡ፣ ፊታውራሪን መሰለ ብለው ይስቁ ነበር።

አሁን መስተዋት ቢያሳዩት አይነሣም። ክንፉ እንደ እርጥብ ነጠላ ከገላው ተጣብቋል፣ ቀለሙ ወይቧል፣ በጎኑ ላይ ጨው የነሰነሱበት ይመስል ነጫጭ ነገር ወጥቶበታል። ሲያሳክከው ገላውን ከጠርሙሱ ጋር ያሻሻል፤ ሲደክመው ታች ይተኛል።

የምታበላው እናትነሽ የምትባል የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እናቷ አፈር ከምትቆፍርበት ጉድጓድ፣ ያቆረው ውኃ ላይ የሚርመሰመሱትን ትንንሽ ትሎች እየለቀመች ታመጣለታለች። ሌላ ነገር አይቀምስም፤ ከእናትነሽ በቀር ሌላ ሰው ቢቀርበውም ዞር ብሎ አያይም። እናትነሽ ስታናግረው ቢያዩ የምታናግረው ሰው ነው ይላሉ። የሸክላ ሠሪ ወገን በሰው አፍ እንዴት እንደሚነሣ ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ቡዳ በልቶት ነው የሚለው ሹክሹክታ ከጓዳ ተነሥቶ አዳራሽ ደርሷል። ዓሣው ከሞተ እናትነሽ በሰላም እንደማትወጣ ይታየኛል። ምን እንደሚደረግለት ቶሎ ይጻፉልኝ። ታመነ በቃሉ የሚጠይቅዎት ነገር አለ፤ እሱንም አይንፈጉኝ።

ወልደአረጋይ፣ እንደ እመቤቴ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ ልጅዎ

*

አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ ፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለመምህሬ ልጅ ለወልደአረጋይ።

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለምትጽፍበት ቤት። አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። ጉልበቴን ስለጠየቅኸው ደስ ብሎታል፤ እሱ ከኔ ቀድሞ ሊሄድ ቸኩሏል እንጂ ክፉ አይደለም። በደብዳቤህ ውስጥ ግን ከዓሣው ይልቅ ሴቲቱ በዝታብኛለች። የታመመው ማን እንደሆነ ግራ ቢገባኝ አትፍረድብኝ፤ መልሱን እጠብቃለሁ።

ዓሣህን ዓይን አልበላውም፤ የበላው ብርድ ነው። የተወለደበት አገር ከህንድም ወዲያ ነው፤ እዚያ ውኃው ሌት ተቀን ለብ ያለ ነው ብሎ በዘይላ ወደብ የሰጠኝ ባንያን፣ የህንዱ ነጋዴ፣ ነግሮኛል። ያን ፍጥረት ወደ ደብረ ብርሃን ውርጭ መላክ ዕብደት ነው፤ ዕብደቱም የኔ ነው። ነጫጩ ነገር ብርድ ያደከመው ዓሣ ላይ የሚወጣ በሽታ ነው፤ ሲጠና ይገድላል፣ በጊዜ ከተያዘ ይድናል።

ውኃውን ቀስ እያልህ ለብ አድርገው። ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል ይሁን፤ ክርንህን ነክረህ እየው። ሁሉን ውኃ በአንድ ጊዜ አትድፋ፤ ሲሶውን ቀንስና ያደረ ውኃ ተካበት። ታመነ ከያዘልህ አሞሌ በጥፍርህ ትንሽ ፋቅ አድርገህ፣ በሌላ ዕቃ አሟሙተህ ጨምርበት። ሆዱ ከተነፋ ምግብ ከልክለው፣ ይቀልለዋል። ቅርፊቱ ሁሉ ብድግ ብድግ ካለ ግን መድኃኒት የለውም፤ ያኔ ዱዓ ነው።

አንድ ነገር በአምላክህ ይዤሃለሁ፤ ጭስ እንዳይጠጋው። ይህ ዓሣ እንደ ወንዝ ዓሣ በውኃ ብቻ አይኖርም። ብቅ እያለ ከላይ ነፋስ ይጎርሳል። ውኃው ፊት ላይ አፉን ሲከፍት ብታየው አትደንግጥ፤ እንደኔና እንዳንተ እየተነፈሰ ነው። እናንተ ደጋዎች ለሁሉ በሽታ ጭስ ነው የምታውቁት፤ ዓሣ ማጠን አምሯችሁ እንደሆነ ከወዲሁ ተዉት።

ታመነ በቃሉ ስለጠየቀኝ፣ ስለ ዓሣው ጓደኛ፣ እሱን ተወው። ሁለት ሆነው ከዘይላ መውጣታቸው እውነት ነው። ላንተ የሚያስፈልግህን ግን ጽፌልሃለሁ።

ቡሽራ

*

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሐጂ ቡሽራ።

ሰላምታዬን ባሳጥር ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጭሱ ከወጣ በኋላ ነው።

እመቤቴ ወልደ ሰንበት የሚባል፣ ቡዳ አስለፈልፋለሁ የሚል ሰው ከጫጫ አስመጡ። ልማዱን ያውቁታል፤ ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን ይጮኽና የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ለዓሣም ይሠራል አላቸው። ጠርሙሱን በነጠላ ሸፍኖ ከሥሩ አጤሰበት። ነጠላው ሲገለጥ ዓሣው ውኃው ፊት ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይገጥም ጀመር። ትንፋሽ አጥሮት ነበር ለካ። ወልደ ሰንበት ግን ሊናገር ነው፣ ድምፅ ስለሌለው ነው አለ።

ዓሣው እንደገና ታች ወርዶ ሲተኛ፣ ስሙን ካልጠራ በምልክት ያሳየን ብሎ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ከጠርሙሱ ፊት አቆመ። ጠጅ ጣይዋ ቆመች፣ በረኛው ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ዓሣው ንቅንቅ አላለም። እመቤቴ ሲቆሙ እንኳ አልተነሣም። እናትነሽ ስትቀርብ ያ ሊሞት የደረሰ ፍጥረት ጎኑን እየጎተተ ወጣ፤ ከፊቷ መጥቶ አፉን ከፈተላት።

ሰው ሁሉ ከአጠገቧ ሸሸ። እሷ ግን የመጣባት ነገር አልገባትም። ዓሣው ለሰው ሁሉ ዝም ብሎ ለሷ መነሣቱ ደስ ብሏት ሳቅ አለችና፣

«ርቦት ነው» አለች።

ያ ሳቅ ከሁሉ በላይ ጎዳት። አሁን እጇን ታስራ ጎተራው ቤት ናት። የጻፉልኝን ለእመቤቴ አነበብኩላቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፣ ሐጂ ዓሣ ያውቁ ይሆናል፣ ቡዳ ግን አያውቁም አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ልጃቸውንም ማን እንደበላባቸው እስከ ዛሬ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ አሁን ያገኙ መስሏቸዋል።

ታዲያ ሙቀት ከየት ላምጣ? እሳት ባለበት ሁሉ ጭስ አለ። እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢናገሩ ይሰሙዎታል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሴቲቱ ለጠየቁኝ መልሱን ደብዳቤ አይሸከመውም።

ወልደአረጋይ

*

አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ ፲፫ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወልደአረጋይ።

ደብዳቤህን አንብቤ የቀረበልኝን ሳልበላ ተነሣሁ። ስላሾፍኩብህ አፍሬያለሁ፤ ስለ ሴቲቱ የጠየቅሁህም መልስ ደርሶኛል።

መጀመሪያ ዓሣውን አድነው። ቁጣቸው በዓሣው ነውና ሲድን የሚበርድ ይመስለኛል። ሙቀት ከጋጣ አታጣም፤ ላሞቹ መካከል አኑረው፣ ትንፋሻቸው ጭስ የሌለው እሳት ነው። ጠርሙሱን በወፍራም የበግ ጠጉር ባና ጠቅልለው፤ አፉን ግን እንዳትደፍነው። ጨውና ያደረ ውኃ እንደነገርኩህ።

ቀጥለህ አንተው ራስህ አብላው። ይህ ዓሣ የሚያበላውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ ዶሮም ታውቃለች። ትል እየያዝህ ቅረበው፤ ለሷ እንደወጣ ላንተም ይወጣል። ያኔ ሰው ጠርተህ አሳያቸው፤ አፉን የከፈተላት ለምን እንደሆነ ያለ ንግግር ያዩታል።

መምጣቱን በተመለከተ፣ ጉልበቴ ያን ዳገት አይወጣልኝም። አውቃለሁ፣ ምክንያት ይመስልሃል። ታመነም ደግሞ ያንኑ የጓደኛውን ነገር ጠየቀኝ። አሁን የሞተ ዓሣ ስንቆጥር ያለውን እንዳንገድል።

ቡሽራ

*

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሐጂ ቡሽራ።

እንዴት ሰነበቱ? ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ መድኃኒትዎ እውነተኛ ነው። ዓሣውን ጋጣ አውርጄ በራሴ ባና ጠቀለልኩት። በእናትነሽ እናት ጉድጓድ ትል ስለቅም የከተማው ሰው አየኝ፤ አፍሬም አልቀረሁ። ነጫጩ ነገር እየረገፈ ሄደ፣ ክንፉ ተዘረጋ፣ ቀለሙ ተመለሰ። መስተዋት ባሳየው ተቆጣልኝ። ብቻዬን ከላሞቹ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በደስታ ነበር።

ለኔም ወጣልኝ፤ አፉንም ከፈተልኝ። ሮጬ እመቤቴንና ወልደ ሰንበትን ጠርቼ አሳየኋቸው። ወልደ ሰንበት ዓሣውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አንተንም መጥራቱ ነው? ከሷ ጋር ነህ ማለት ነው?» አለኝ።

የቤቱ ሰው ሁሉ አየኝ። እኔም፣ አይ፣ ብርሃኑን አይቶ ይሆናል አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። ሐጂ፣ ይህን ለእርስዎ ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ ወዲህ የሚባለው ሌላ ነው። እሷ ስትታሰር ዓሣው ዳነ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ ይላሉ። ቢሞት ገደለችው ይባል ነበር፤ ስለዳነ ደግሞ በመታሰሯ ለቀቀችው ተባለ። እኔ በገዛ እጄ ባዳንኩት ዓሣ እሷን አሰርኳት። ከልደት በኋላ ሽማግሎች ተቀምጠው ይፈርዳሉ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱም በእርስዎ እጅ ነው። የዓሣው ጓደኛ የት ሞተ? በምን ሞተ? እናትነሽ ባልረገጠችበት አገር፣ እሷ ባላየችው ጠርሙስ፣ በዚሁ በነጫጩ ነገር ሞቶ እንደሆነ፣ ነገሩ የሰው ዓይን እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል። በማኅተምዎ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ለሽማግሎቹ አነበዋለሁ። አባቴ ፊደል ያስተማሩዎት ለዚህ ቀን ነው ብዬ እለምንዎታለሁ።

ወልደአረጋይ

*

አሊዩ አምባ፣ ታኅሣሥ ፳፯ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወልደአረጋይ።

ሰላምታዬ ይብዛልህ። በዓላችሁ ቀርቧልና ለቤትህ የሚሆን ሎሚና ጥቂት በርበሬ በታመነ ልኬልሃለሁ። እዚህ ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል፤ ገበያው መልካም ነው፤ የልጄ ሚስት ወንድ ወልዳለች። የዓሣው መዳን እጅግ ደስ አሰኝቶኛል።

የጓደኛው ነገር፣ መንገድ ላይ ጠፋ። በጭነት መካከል የሆነ ነገር ነው፤ ለሽማግሌ የሚነበብ ነገር የለውም።

ይልቅ እንዲህ አድርግ። ፍርዱ ከከተማ ትውጣ የሚል ከሆነ ወደኔ ስደዳት። ቤቴ ሰፊ ነው፤ ሸክላም እዚህ ይፈለጋል፤ ማንም ወገንሽ ማነው አይላትም። እንዳውቃት አንድ ምልክት ጻፍልኝ። እንደ ልጄ እቀበላታለሁ፤ ይህን በእምነቴ እምልልሃለሁ።

ቡሽራ

*

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለሐጂ ቡሽራ።

ደረሰችልዎ ወይ? ከሰላምታ በፊት ይህን ብጠይቅ አይቀየሙኝ። ግራ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ በላይ፣ ሸክላ ስትተኩስ የተቃጠለችው ጠባሳ አለ። ምልክቷ እሱ ነው።

ሽማግሎቹ በግቢው ተቀምጠው ነበር። ደብዳቤዎን ኪሴ ይዤ ቆሜ ነበር፤ የማነበው ቃል ግን አልነበረበትም። ወልደ ሰንበት ጠርሙሱን አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠና፣ ቡዳው ጨርሶ እንዲለቀው ትትፋበት አለ። ከተፋችበት በምሕረት ትሰናበታለች ተባለ። ዓሣው ካያት ጊዜ ጀምሮ ከጠርሙሱ ጋር ተለጥፎ ይከተላት ነበር። እናትነሽ እሱን እያየች እንዲህ አለች፦

«ብተፋበት ለቀቀችው ትላላችሁ፤ ባልተፋበት ጨከነች ትላላችሁ። ምራቄ ደግሞ ለሱ አይበጀውም። ርቦታልና አብሉት።»

አልተፋችም፤ ከተማውን ለቃ እንድትወጣ ተፈረደባት። እሳት፣ ውኃና መጠለያ የሰጣት እንደሷ ይቆጠራል ተብሎ ታወጀ፤ እናቷ ቤትም እንዳትገባ ተከለከለች። በጠዋት፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ አወጧት። በር ላይ አግኝቻት ስምዎንና ቤትዎን ነገርኳት፤ መንገዱንም አሳየኋት። ነጠላ ብቻ ነበር የለበሰችው። ባናዬን ልሰጣት ፈልጌ ነበር፤ ባናዬ ዓሣው ላይ ነበር። ሮጬ ላመጣው እችል ነበር። ሰው ያየኛል ብዬ ቆምኩ።

ጠይቀውኝ ነበርና አሁን እመልስልዎታለሁ። አዎን፣ እወዳታለሁ። ለሷ ግን ነግሬያት አላውቅም።

እመቤቴ ዓሣውን ማየት አልፈልግም ብለዋል፤ መስተዋታቸውንም አስነሥተዋል። ታመነ ነገ ያመጣልዎታል፣ በባናው እንደተጠቀለለ። የሷን መድረስ የሚነግረኝን ቃል በመጀመሪያው መንገደኛ ይላኩልኝ።

ወልደአረጋይ

*

አሊዩ አምባ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወልደአረጋይ።

ደኅና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ለመዘግየቴ ማረኝ፤ ወረቀት አጥቼ አይደለም። ደረሰችልዎ ወይ ላልከኝ፣ አልደረሰችም።

ታመነ ዓሣውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲወርድ፣ ከአንኮበር በላይ፣ ከቁንዲ ተራራ ሥር የአገሩ ሰዎች ቆመው አገኘ። በካብ ጥግ ተቀምጣ ነበር አለኝ፤ ሲያዩዋት ደክሟት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር፤ ብርዱ ገድሏት ኖሯል። ወሬው ከሷ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ የሚያሳድራት ቤት አላገኘችም። ታመነ ጠባሳዋን አይቶ ለያት፤ መጥቶም ነገረኝ። ያኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ዳገት አይወጣም ያልኩህ ጉልበት ወጣ፣ ወልደአረጋይ። ቢያመኝም ወጣ።

ቄሶቹ፣ ቡዳ ናት ተብላ የተባረረች ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አትገባም አሉ። ካህናቱ ፊት የቆምኩ እስላም ሽማግሌ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ተናገርኩ። በግንቦት ሁለቱን ዓሣ ይዤ አንኮበር ሰንብቼ ነበር። አንዱ እዚያው ታመመ፤ ክንፉ ተጣበቀ፣ ነጫጩ ነገር ወጣበት፣ ሞተ። ጨውና ሙቀቱን የሞከርኩት በሱ ላይ ነው፤ ዘግይቼ ነበር እንጂ መድኃኒቱን ያኔ ነው ያወቅሁት። የደጋ ብርድ እንደሚገድላቸው አይቻለሁ። እያወቅሁ ሁለተኛውን ወደ ባሰው ብርድ፣ ወደ እናንተ ላክሁት፤ የመንገዱ ጌታ የፊታውራሪ ሚስት ደስ ይበላቸውና ግመሎቼ በሰላም ይለፉ ብዬ። ልጅ ለሞተበት ቤት ሞት ልከህ ኖሯል እንዳልባል ፈርቼ ከአንተ ደበቅሁ። መንገድ ላይ ጠፋ አልኩህ።

ቄሶቹ ሰምተው እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንድ አሮጌ ቄስ፣ ይቆፈርላት አሉ። አንተ ለሕይወቷ የለመንከኝን ቃል እኔ ለመቃብሯ ሰጠሁት። በቅጥሩ ውስጥ፣ ከጥዱ ሥር ናት፤ ድንጋይ አቁሜበታለሁ። ባናህን ከዓሣው ላይ አንሥቼ አልብሻታለሁ። ለእናቷ አንተ ንገራት፤ ከሌላ ሰው አፍ አትስማው።

ለምን አብረሃት አልወረድህም ብዬ አልጠይቅህም። አንተም እኔን አትጠይቀኝ። እኔ ግን እመቤትህን ለማየት ከሳምንት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን እወጣለሁ። መንገዴን ቢዘጉት ይዝጉት። ያን የአንኮበሩን ነገር በራሴ አፍ ይስሙት፤ የልጃቸውን ሞት በሌላ ሸክላ ሠሪ ላይ እንዳይፈልጉት።

ዓሣው ደኅና ነው። ቆላው ተስማምቶታል፤ ገላው ጠርቷል፣ ቀለሙ ደም መስሏል። ትናንት ከኩሬ ትል ለቅሜ ቀረብኩት። ከታች ተነሥቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ መጣና ከፊቴ አፉን ከፈተ። ርቦት ነው። አውቃለሁ፤ ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ቢሆንም ትሉን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዓሣ ስም የሚጠራ ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት የሚጠራው የኔን ነበር፤ የሚሳሳትም አይመስለኝም።

ከዚያ አበላሁት። አብሉት ብላለችና።

ቡሽራ